የሁለት ቁልፍ ዋጋ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ላፕቶፔ አበደ። ማክሰኞ ለእኔ ክፉ ቀን ነው። ጽሑፌን ለአዘጋጁ የማስረክበው ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ደፍሮ የሚያናግረኝ የለም፤ ባለቤቴም ብትሆን ቡናውን አስቀምጣ ዞር ነው የምትለው። ኮምፒውተሩን ከፈትኩና "ሰላም" ብዬ ጀመርኩ። እሱ "ሰ3አ0" ብሎ ጻፈ። አጠፋሁና ደገምኩት። አሁንም "ሰ3አ0"። ጣቴ ሳላስበው ሌላ ነክቶ ይሆናል ብዬ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ጣት እየለቀምኩ ሞከርኩ። ያው ነው።

ረጋ ብዬ ሳየው እብደቱ ሥርዓት ያለው ሆኖ አገኘሁት። ሁሉም ፊደል አልታመመም። ሀ፣ ረ፣ ሰ፣ በ፣ ተ፣ ነ ጤነኞች ናቸው። ለ ሲነካ 3 ይወጣል፤ መ ዜሮ ይሆናል፤ ከ ሁለት፣ ጀ አንድ። የባሰው አናባቢዎቹ ላይ የደረሰው ነው። እንደሚታወቀው አብዛኞቻችን አማርኛ የምንጽፈው ድምፁን በእንግሊዝኛው ፊደል እየመታን ነው። ካዕብ፣ ሳልስና ሳብዕ የሚወጡባቸው ሦስቱ ቁልፎች ተሰልፈው 4፣ 5 እና 6 ሆነዋል። "ቡና" ስል "ብ4ና" ይለኛል። ከሰባቱ ቤት ሦስቱ ፈረሱ ማለት ነው። "ሀገር" ብዬ ብጽፍ በትክክል ይጽፋል፤ "ሕዝብ"ም ደህና ነው። "መንግሥት" ግን በዜሮ ይጀምራል። (ይህን ያለው ማሽኑ ነው፤ እኔ የለሁበትም።)

አጥፍቼ አበራሁት። ገልብጬ አራገፍኩት፤ የዳቦ ፍርፋሪ ወጣ፣ ፊደል ግን አልወጣም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የምደውልለት የወንድሜ ልጅ ስልኩን አያነሳም። ሰዓቱ አምስት ሆነ። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ በዝናብ ወጣሁ።

ከቤታችን አለፍ ብሎ፣ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ቦታ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት አለ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ ሁለት ዱካ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ የተበላሹ ስልኮች። በር የሚባል ነገር የላትም፤ ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ ሁሉ የሚሠራውን እያየ ነው የሚያልፈው።

"ምን ሆነ፣ ጋሼ?" አለኝ።

"ፊደሉ ቁጥር ሆነብኝ። ቫይረስ ሳይገባው አይቀርም።"

ከፈተው። ሁለት ፊደል ነካ፣ አየና ፈገግ አለ። የግራ እጁን ከታች አንድ ቁልፍ ላይ፣ የቀኝ እጁን ከላይ ሌላ ቁልፍ ላይ አድርጎ አንዴ ተጫነ። "ይሞክሩት" ብሎ ወደ እኔ አዞረልኝ። "ሰላም" ጻፍኩ። "ሰላም" አለ። ሙሉው ነገር ምናልባት አሥር ሰኮንድ ቢፈጅ ነው። ካፖርቴን እንኳ ገና አላወለቅኩም ነበር።

"ስንት ነው?"

"ሁለት መቶ ብር።"

እዚህ ላይ ራሴን አልወደውም፤ ግን እንደሆነው ልንገራችሁ። ደሜ ፈላ። "ለምኑ?" አልኩት። "ለሥራው" አለኝ። "የቱ ሥራ? ሁለት ቁልፍ እኮ ነው የነካኸው!" ድምፄ ከፍ ስላለ ደረጃው ላይ አንዲት ሴትዮ ቆም ብለው አዩን። ልጁ አልተቆጣም። "ጋሼ፣ ሲመጡ አይጽፍም ነበር፤ አሁን ይጽፋል" ብቻ አለኝ። ሃምሳ ብር አወጣሁና "ለሻይ ትሁንህ" ብዬ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ይህ በሁለት እጅ መቀበሉ ነው በኋላ እንቅልፍ የነሳኝ። ይባስ ብሎ ልወጣ ስል ጠርቶ፣ "ሌላ ጊዜ ከሆነብዎ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ይጫኑ፤ እዚህ ድረስ መምጣት የለብዎትም" ብሎ ቁልፎቹን አሳየኝ።

ለማያውቀው ነገሩ እንዲህ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተር ሲያወጣ ኪቦርዱ 83 ቁልፍ ብቻ ነበረው። ቦታ ለመቆጠብ በስተቀኝ ያሉት ቁልፎች ሁለት ሥራ ተሰጣቸው፦ አንዴ ቁጥር፣ አንዴ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች መሄጃ ቀስት። የትኛውን ሥራ እንደሚሠሩ የሚወስነው "ነምሎክ" የሚባል ቁልፍ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀስቶቹ የራሳቸው ቦታ ያላቸው ሰፋፊ ኪቦርዶች መጡ፤ ነምሎክ ግን በልማድ እዚያው ቀረ። ላፕቶፕ ሲመጣ ደግሞ ለቁጥሮቹ የሚሆን ቦታ ስለጠፋ በብዙዎቹ ላይ ቁጥሮቹን በፊደላቱ ላይ ደረቧቸው። ያረጀ ላፕቶፕ ያላችሁ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ በአንዳንዶቹ ፊደላት ጥግ ላይ በሰማያዊ ወይም በግራጫ የተጻፉ ትንንሽ ቁጥሮች ታያላችሁ። ነምሎክ ከተከፈተ ፊደላቱ ቁጥር ይሆናሉ። መዝጊያው ብዙውን ጊዜ ከታች በስተግራ ያለችውን "ኤፍ ኤን" የምትለዋን ቁልፍ ይዞ ነምሎክን መጫን ነው፤ በአንዳንዱ ማሽን ላይ ከላይኛው መስመር ካሉት ቁልፎች አንዱ ይሆናል። ሕፃን ልጅ ሲደበድበው ወይም ሌላ ኪቦርድ ተሰክቶበት ሲነቀል ሳይታወቅ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል። እኛ ቤት ደግሞ እሑድ ዕለት የሦስት ዓመት እንግዳ መጥቶ ነበር። ማሽኑ አልታመመም፣ አልተሰበረም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው።

ጽሑፌን በሰዓቱ አስረክቤ፣ ማታ እግሬን ዘርግቼ ስቀመጥ ነው ሌላ ነገር ትዝ ያለኝ።

በ1998 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ ላፕቶፔን አንድ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ልኮልኝ ገና ወር እንኳ ሳልጠቀምበት ተበላሸ። ፒያሳ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሰዉ ሁሉ "ኢንጂነር" የሚለው ጠጋኝ ነበር። (ያ ሕንፃ ዛሬ የለም፤ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት የፒያሳ ቤቶች ጋር አብሮ ሄዷል።) የተከበረ ሰው ነው፤ ነጭ ጋውን ይለብሳል። ክፍሉ ለሁለት የተከፈለ ነው፦ ከፊት ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበርና ጠረጴዛ፣ ከኋላ ደግሞ ወፍራም ቡናማ መጋረጃ። መጋረጃውን አልፎ የሚገባ እሱ ብቻ ነው። ላፕቶፔን ተቀብሎ አየ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። "ከበድ ያለ ነው። ግን እሞክራለሁ። ነገ ከሰዓት ብቅ በል" አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ። "ውስጡ እርጥበት ገብቶ ነበር፤ መስመሩን አንድ በአንድ ማጽዳት ነበረብኝ" አለኝና 180 ብር ጠየቀኝ። በዚያን ጊዜ 180 ብር ብር ነበር። ከፈልኩ። ሁለት ጊዜ እጅ ነሣሁ። የሥራ ባልደረቦቼን ሦስቱን "ከእሱ ሌላ ጋ እንዳትሄዱ" ብዬ ላክሁለት።

የዚያን ጊዜው ብልሽት ምን ነበር? ፊደሉ ቁጥር ሆኖብኝ ነበር። ለ ሦስት፣ መ ዜሮ።

እርግጠኛ ነህ ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ እርጥበት ገብቶ ቢሆንስ? እኔም ለሰውዬው ጥብቅና ቆሜለት አስቤዋለሁ። ግን እርጥበት ሥርዓት የለውም። እርጥበት የገባበት ኪቦርድ አንዳንዱን ፊደል ይውጣል፣ አንዳንዱን አሥር ጊዜ ይደግማል፣ ዛሬ የሠራው ነገ አይሠራም። ለ ሁልጊዜ 3፣ መ ሁልጊዜ 0፣ ሦስቱ አናባቢዎች በተርታ 4፣ 5፣ 6፤ ይህ የነምሎክ እንጂ የውሃ ሥራ አይደለም። ኢንጂነሩ ገና እፊቴ ከፍቶ ሲያየው አውቆታል። ግንባሩን የቋጠረው ለእኔ ነበር።

ስለዚህ ሂሳቡ እንዲህ ይሆናል። የዋሸኝን ሰው 180 ብር ከምስጋና ጋር ከፈልኩት፤ ደንበኛም አመጣሁለት። እውነቱን እፊቴ የሠራውን፣ አልፎም ሁለተኛ እንዳልከፍል መድኃኒቱን ያስተማረኝን፣ ጮህኩበትና የጠየቀውን ሩብ ሰጠሁት።

ለባለቤቴ ስነግራት ሥራዋን ሳታቋርጥ ሰማችኝ። ምስር ትለቅም ነበር። "ልጁ አንድ ሰዓት ጠብቅ ብሎህ ቢሆን ሁለት መቶውን ትከፍል ነበር?" አለችኝ። እከፍል ነበር። "አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎ ቢሆንስ?" ያኔም እከፍል ነበር፤ አላየሁማ። "እንግዲያው ምኑ ነው ያናደደህ? ቶሎ መጨረሱ?" ዝም አልኩ። ባለቤቴ ፍልስፍና አልተማረችም፤ እኔ ትንሽ ተምሬያለሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚረዳኝ ግን አይመስለኝም።

ምኑ ነው ያናደደኝ? የመጀመሪያው መልስ ላብ ነው። ለላብ መክፈል እናውቃለን። የቀን ሠራተኛው ድንጋይ ሲሸከም እናያለን፤ ግንበኛው ሲለካ እናያለን፤ እንጨት ፈላጩ ሲያቃስት እንሰማለን፤ ዋጋው ዓይናችን ፊት ነው የሚቆለለው። ዕውቀት ግን ላብ የለውም። ጭራሽ ሰውዬው በበለጠ ባወቀ ቁጥር የሚያልበው እያነሰ፣ የምንከፍለው ደግሞ ያለአግባብ እየመሰለን ይሄዳል። ጀማሪ ሐኪም በአራት ምርመራ የሚደርስበትን አንጋፋው ዓይን አይቶ ይናገራል፤ እኛም "ሳይነካኝ ከፈልኩት" እያልን እናማዋለን።

ይህ ሙግት በ1878 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ዊስለር የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ አንዱን ሥዕሉን 200 ጊኒ ዋጋ አወጣለት። በዘመኑ የተፈራው ሃያሲ ጆን ረስኪን ሥዕሉንም ዋጋውንም በጽሑፍ አዋረደ፤ ሠዓሊው ስም በማጥፋት ከሰሰው። ጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄ ሲያቀርብ ሥዕሉ የሁለት ቀን ሥራ መሆኑ ወጣ። ታዲያ ይህን ሁሉ ገንዘብ ለሁለት ቀን ሥራ ነው የጠየቅከው? ሲባል፣ የለም፣ በዕድሜዬ ሙሉ ለሰበሰብኩት ዕውቀት ነው አለ። ዳኞቹ ፈረዱለት፤ የካሳው መጠን ግን አንድ ፋርዚንግ፣ ማለትም የመጨረሻዋ ትንሽ ሳንቲም ነበረች። በዓመቱ ሰውዬው በዕዳ ከሰረ። "ልክ ነህ፣ ግን አንከፍልህም" እንደማለት ነው። እኔ ለልጁ የሰጠሁት ሃምሳ ብርም ዘመዱ ናት።

የሠዓሊው መልስ ግን ለደረጃው ሥር ልጅ ሙሉ በሙሉ አይሆንለትም፤ እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ይገባል። ነምሎክ የዕድሜ ልክ ዕውቀት አይደለም። አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ይኸው እናንተም አሁን አወቃችሁት። እንግዲያው ልጁ የሸጠልኝ ምኑን ነው? የእሱን ዕውቀት ወይስ የእኔን አለማወቅ? አለማወቅን መሸጥ ደግሞ ደስ የሚል ንግድ አይደለም። የጠፋበትን መንገደኛ አቅጣጫ አሳይቶ ገንዘብ እንደመጠየቅ ነው ልንል እንችላለን፤ እኔም ስቆጣ ይህን ሳልል አልቀረሁም።

ግን መንገደኛው ያገኘኝ እኔ በራሴ ጉዳይ ስሄድ ነው። ልጁ እኮ በራሱ ጉዳይ እየሄደ አልነበረም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ደረጃ ሥር ተቀምጧል። ኪራይ ይከፍላል። ሌላው የማይመጣበትን፣ ዝናብ የሚዘንብበትን፣ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ሁሉ ተቀምጦ ያሳልፋል፤ እኔ በአምስት ሰዓት በድንጋጤ ስሮጥ እንዲገኝ። የአሥር ሰኮንዱ ዋጋ ውስጥ ይህ ሁሉ መቀመጥ አለ። ሁለት መቶ ብሩን ዛሬ ሳስበው ለሁለት ቁልፍ ሳይሆን ለመገኘቱ ነው የጠየቀኝ። እሱም ቢሆን እንዲህ አላሰበውም ይሆናል፤ ዋጋ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ምክንያቱን አያውቅም።

ማወቅና አለመንገር የሚለው ጠብ በጣም የቆየ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ አቴና ለትምህርት ለሄደ ልጁ ስለ ግዴታዎች በጻፈለት መጽሐፍ ውስጥ አንድ የእህል ነጋዴ ያመጣል። ሮድስ ደሴት ላይ ረሀብ ገብቷል፤ ነጋዴው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቀድሞ ደርሷል። ሌሎች ብዙ መርከቦች እህል ጭነው ከኋላው እየመጡ መሆኑን ግን በመንገድ ላይ አይቷል። ለሮድስ ሰዎች ይንገራቸው፣ ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሁለት ፈላስፎች ተከራከሩበት። የባቢሎኑ ዲዮጋን (በርሜል ውስጥ የኖረው አይደለም፤ ሌላ ነው) አለመናገር ሌላ፣ መደበቅ ሌላ ነው፤ ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ከተናገረ ይበቃዋል አለ። ተማሪው አንቲጳጥሮስ ደግሞ የለም፣ ሰው ለሰው ዕዳ አለበት፤ ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢው ማወቅ አለበት አለ። ሲሴሮ ራሱ ከአንቲጳጥሮስ ጋር ቆመ፦ ሰውዬው ይንገራቸው ነው ፍርዱ። ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ቶማስ አኵናስ ደግሞ ባይናገር በደል አልሠራም፣ ቢናገር ግን የበለጠ መልካም ነው ብሎ አስታረቃቸው።

ይህን ክርክር ተማሪ ሳለሁ ሳነበው ለአንቲጳጥሮስ አጨብጭቤ ነበር። አሁን ግን አንድ የጎደለ ነገር ይታየኛል። ሁሉም የሚከራከሩት ነጋዴው ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። እሺ፣ ተናገረ እንበል። "ጎበዝ፣ ከኋላዬ ብዙ መርከብ አለ፤ ሳምንት ብትታገሡ ይረክሳል" አለ። የሮድስ ሰዎችስ? እህሉን ጥለውበት ሌላውን መጠበቅ ይጀምራሉ? በልዝብ ዋጋ እንኳ ሳይገዙት፣ ከዚያ ከኋላ በመጣውና ዝም ባለው ሊዘረፉ? ስለ ሻጩ ግዴታ ያን ያህል ሲባል፣ እውነት ለተነገረው ሰው ግዴታ በዚያ ክርክር ውስጥ ቦታ አላገኘም። እኔ ያ የሮድስ ሰው ነኝ። ልጁ መርከቦቹን ነገረኝ፤ እኔ በሃምሳ ብር ሸኘሁት።

እኛስ አገር? የባህል መድኃኒት ዐዋቂው ቅጠሉን ወቅጦ፣ ደልዞ፣ መልኩን አጥፍቶ ነው የሚሰጠን። ስሙን ቢነግረን አጥር ላይ የበቀለ ሆኖ ብናገኘው በማግስቱ አንከፍለውም፤ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ለመረጠው አንድ ልጁ በጆሮው ይነግርና ይሞታል፤ ሳይነግር ከሞተም ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል። "አበሻ ምቀኛ ነው፣ ዕውቀቱን ይደብቃል" እየተባለ ስንት ጊዜ ተጽፏል! እኔም በዚሁ ዓምድ ሳልጽፈው አልቀረሁም። ያልተጻፈው፣ የነገረውን ሰው ምን እንዳደረግነው ነው።

ጤና ጣቢያም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ መርምሮን "ጉንፋን ነው፤ ውሃ ጠጡ፣ እረፉ፣ በራሱ ይድናል" ካለን ቅር ብሎን እንወጣለን። መርፌ ካልወጋ ምኑን ሐኪም ሆነ? ወደሚወጋው እንሄዳለን። የሚወጋውም ለጉንፋኑ ሳይሆን ለእኛ ነው የሚወጋው። ማመልከቻ ጸሐፊዎቹም አሉ፤ እኔ የማውቃቸው በገጽ ነው የሚያስከፍሉት። ጉዳዩ በግማሽ ገጽ ቢያልቅም፣ አቤት ባዩ ራሱ አንድ ገጽ ብቻ ካየ "ይኼው ነው?" ይላል። ዳኛው ሦስት ገጽ ያነባል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለመናገር የከበደኝ እሱ ነው። ኢንጂነሩ ከገንዘቤ ሌላ ምን ወሰደብኝ? ምንም። እንዲያውም ሰጠኝ። "ከበድ ያለ ነው" ሲለኝ ችግሬን አከበረልኝ። ከዚያ ፎቅ የወረድኩት ከባድ ችግር ገጥሞት በከባድ ባለሙያ የተፈታለት ሰው ሆኜ ነው። ከደረጃው ሥር የወጣሁት ግን የሦስት ዓመት ሕፃን የዘጋበትን መክፈት ያቃተው ሽበታም ሆኜ ነው፤ ያውም ሴትዮ እያዩኝ። የጮህኩት ለሁለት መቶው ብር አልነበረም። ማፈሬን ነው ልጁ ላይ ያራገፍኩት። ስንት ጊዜ ውሸታሙን የምንወደው ስላልሰረቀን ሳይሆን ስላላሳፈረን ነው? ይህ ኢንጂነሩን ነጻ አያወጣውም። ያልነበረ እርጥበት ፈጥሮ ማስከፈል ሌብነት ነው፤ ነጭ ጋውን ስለለበሰ ስሙ አይለወጥም። ግን ሌብነቱን ብቻውን አልሠራውም፤ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እጠብቀው ነበር።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ስነግረው ሳቀና፣ "አንተስ?" አለኝ። እኔስ? እውነቱን ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ተቋም መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንድጽፍ ተጠይቄ በሁለት ሰዓት ጨረስኩት፤ ሐሳቡ ከቆየ ውስጤ የተብላላ ስለነበር ዝም ብሎ ፈሰሰ። ሐሙስ ጠዋት ጽፌ ሐሙስ ጠዋት ብልክ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ እስከሚቀጥለው ረቡዕ መሳቢያ ውስጥ አቆየሁት። ሳስረክብ "ብዙ አለፋኝ" አልኩ። አመሰገኑኝ፤ ያሉኝንም ከፈሉኝ። የእኔ መጋረጃ መሳቢያ ነው፤ ነጭ ጋውን ብቻ ነው የጎደለኝ።

ሃምሳ ብሩ ካለፈ በኋላ ልጁ ጋ ሄጄ የቀረውን 150 ብር ልስጠው ብዬ ብዙ ጊዜ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ደጁ ድረስ ደርሼ ሰው ስለነበር ተመለስኩ። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ጾም ገባ፣ በዓል መጣ፤ እንዲህ ያለ ዕዳ ደግሞ ባለዕዳው ካልጠየቀ ቶሎ ይረሳል።

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴ ስልክ ቻርጅ አልቀበል አለና ይዤ ሄድኩ። ቦታዋን ለማወቅ ተቸገርኩ። ደረጃው ሥር ጠረጴዛዋ ወደ ፊት ተስባ፣ ከኋላዋ ከጣሪያ እስከ ወለል ሰማያዊ መጋረጃ ወርዷል። ልጁ ትንሽ ወፍሯል። ወዲያው አወቀኝ። "ጋሼ፣ ላፕቶፑ ደህና ነው?" አለኝ። "ደህና ነው" አልኩ። ስልኩን ተቀበለኝ፤ ወደ መብራቱ አስጠግቶ የቻርጅ መሰኪያውን ቀዳዳ አየ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ከኪስ የገባ ብናኝ የሞላው ይመስላል። ልጁ ግንባሩን ቋጠረ።

"ትንሽ ከበድ ይላል። ይቀመጡ" አለኝና መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

ተቀመጥኩ። ከመጋረጃው ጀርባ በመጀመሪያ አንድ ጊዜ እፍ የሚል ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ በስልክ ስለ እሑዱ ጨዋታ ማውራት ጀመረ፤ በረኛውን አምርሮ ይወቅሳል። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ወቀሰው። ሲወጣ በእጁ ጀርባ ግንባሩን ጠረገ፣ ስልኩን ሰክቶ ቻርጅ መቀበሉን አሳየኝ።

"ሦስት መቶ ብር" አለ።

አራት መቶ ሃምሳ ቆጥሬ ሰጠሁት። መልሶ ቆጠረና "በዛ እኮ፣ ጋሼ" አለኝ። "የበፊቱ ነው" አልኩት። የትኛው የበፊቱ እንደሆነ የገባው አይመስለኝም፤ ገባውም እንደሆነ አላስታወቀኝም። ስልኩን ኪሴ ስከት፣ "ችግሩ ግን ምን ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት።

መጋረጃውን መልሶ እየዘጋ፣ "ውስጡ ነበር፣ ጋሼ" አለኝ።